ኒያ፦ ቃሉን በወሎ አማርኛ ከነቦታው መጠቀም

«ለእናቴ ነይቼ ነው» ብሎ አንድ ሰው ደሴ ፒያሳ ላይ ለተቸገረ ብር ቢዘረጋ፣ ተቀባዩ ወዲያው ሁለት ነገር ይገባዋል። ገንዘቡ ሰደቃ ነው፤ ብድርም ውለታም አይደለም። ምንዳውም የታሰበው ለሰጪው ሳይሆን ለእናቱ ነው። ስለዚህ «አላህ ይስጥህ» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ «ይድረስላቸው» ይላል። ይህን ሁሉ በሦስት ቃል ማለት የተቻለው ኒያ (በልብ የተቆረጠ ዓላማ) የምትባለው ቃል በወሎ አማርኛ ሥር ስለሰደደች ነው።

ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ወሎ የገባውም በቂርአት ቤቱ (በቁርኣን ትምህርት ቤቱ) እና በመንዙማው በኩል ነው። የወሎ ሼሆች አማርኛውን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀም፣ እየጻፉ ሲያስተምሩ የኖሩ ስለሆኑ ቃሉ ከትምህርቱ ጋር ወደ ጓዳውና ወደ እርሻው ወረደ። ዛሬ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም። አንዱ ወንድም መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ቤት እንደ ዱዓ፣ በረካ፣ ኸይርና አብሽር ሁሉ ኒያም ከክርስቲያኑ አፍ ይሰማል።

ትርጉሙ

ኒያ ማለት እጅ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ልብ «ይህን የማደርገው ለዚህ ነው» ብሎ የሚቆርጠው ነገር ነው። በውስጡ ሥራው፣ ምክንያቱና የሚደረግለት አካል አሉ። ከሦስቱ ሥራው ከጎደለ ኒያ አይባልም። «ሰው ሁሉ ደስ ቢለው ደስ ይለኛል» ምኞት ነው። «ነገ ለእማማ ውሃ ልቀዳላቸው፣ ጉልበታቸው ደክሟል» ግን ኒያ ነው፤ ሥራው ታውቋል፣ ምክንያቱ ታውቋል፣ ለማን እንደሆነም ታውቋል። ቃሉን ሊጠቀሙ ሲሉ ይህን መለኪያ ይያዙ፦ የማደርገው ሥራ ምንድን ነው? መልስ ከሌለ «ሐሳብ» ወይም «ምኞት» ይበሉ።

መሠረቱ በሙስሊሙ ዘንድ የታወቀው የነቢዩ ሐዲስ ነው፤ ሥራ የሚመዘነው በኒያው ነው፣ ለእያንዳንዱም ሰው ያለው የነየተው ነው። ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ የተላለፈ ሲሆን የቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ የሚከፈተው በእሱ ነው። ሌላም ሐዲስ አለ፤ መልካም ሥራ አስቦ ሳይሳካለት የቀረ ሰው 1 ሙሉ ምንዳ ይጻፍለታል፣ አስቦ የሠራው ደግሞ ከ10 እስከ 700 እጥፍ፣ ከዚያም በላይ። አንድ ሰው ለሕመምተኛ ጥየቃ ተነስቶ ጎርፍ መንገዱን ቢቆርጥበት «አብሽር፣ ኒያህ ደርሷል» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ይህ አባባል ለማጽናናት የሚነገር እንጂ ላልተነሳ ሰው ማምለጫ አይደለም። ቤቱ ተኝቶ የዋለን ሰው «ኒያህ ደርሷል» ማለት ቃሉን ማርከስ ነው።

«ኒያ» ራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ ስለዚህ ገላጭ ይፈልጋል፦ ኒያው ያማረ፣ ኒያው የጠራ፣ ኒያው የከፋ። ግሱ ግን ለበጎ ያደላል። «ሊሰጥ ነየተ»፣ «ሊጾም ነየተ» ይባላል። «ሊሰርቅ ነየተ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ ለእንዲህ ያለው «ዶለተ»፣ «አሴረ» የሚሉ ቃላት አሉ።

ከዘመዶቹ ጋር ሲተያይ

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ኒያንና ቅንን በማምታታት ነው። ቅን የሰው ጠባይ ነው፤ ዛሬም ነገም አብሮት ይኖራል። ኒያ ግን ለአንድ ሥራ የታሰበ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ቅን ሰው አንዳንዴ ልብ ሳይለው በልማድ ብቻ ይሰጣል፤ ጠማማ የሚባል ሰውም አንድ ቀን የጠራ ኒያ ይኖረዋል። ስለዚህ አንድን ሥራ ማመስገን ከፈለጉ «ኒያው ያማረ ነው»፣ ሰውየውን ሁሉ ማመስገን ከፈለጉ «ቅን ሰው ነው» ይበሉ። አንድ ጊዜ ድንኳን ስላበደረ ብቻ «ቅን» ያሉት ሰው በሌላ ጊዜ ቢያሳዝንዎ ምስክርነትዎ ውሸት ይሆናል፤ «ኒያው አምሮ ነበር» ብለው ቢሆን ግን እውነትነቱ አይፈርስም።

ገራገር ደግሞ ሌላ ነው። «ወሎ ገራገሩ» ሲባል ነገር የማያከር፣ ሰው የሚያምን፣ እንግዳ የማያሳድር ቤት የማያውቅ ማለት ነው፤ ሰዉም በዚህ ስም ይኮራል። ነገር ግን ገና በነጋዴ ለተታለለ ሰው «አንተ እኮ ገራገር ነህ» ቢሉት ያው ቃል «ሞኝ ነህ» ሆኖ ይሰማዋል። ምስጋና ሆኖ እንዲያልፍ ሰውየው ያደረገውን ደግ ነገር አስቀድመው ከጠሩ በኋላ ይበሉት።

ቀና የሚለው ቃል ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ቀናኝ» ነገሩ ተሳካልኝ ማለት ነው፤ «ቀናብኝ» ደግሞ ተመቀኘኝ። በአንዲት «ብ» ምርቃቱ ክስ ይሆናል። መንገደኛ ሲሸኙ «መንገድህ ይቅና» ወይም «ይቅናህ» ማለት ምንም አያሻማም።

ሐጃ የሚጠየቀው ነገር ነው፤ ኒያ ደግሞ የሚሠራው። «ሐጃህ ይሙላ» ሲባል ከፈጣሪ የምትፈልገው ይሁንልህ ማለት ነው። ስለት ከሁለቱም ይከብዳል። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣው ሰው «ይህ ቢሆንልኝ ጥላ አገባለሁ» ብሎ ከሆነ ዕዳ ገብቷል፤ ካልከፈለው ልቡ አያርፍም። ሙስሊሙም ነዝር፣ ማለትም የራሱን ስለት፣ ከገባ እንዲሁ ነው። ኒያ ግን ካልተሳካ ዕዳ አይሆንም። ስለዚህ የአቅምዎን ልክ ሳያውቁ «ተስያለሁ» አይበሉ፤ «ኒያ አለኝ» ይበሉ። አንዲት ቃል አሳስቶ በችግር ላይ ዕዳ የጨመረ ሰው ብዙ ነው።

አነጋገሩና አጻጻፉ

ሲናገሩት «ያ» ይጠብቃል፤ ሲጽፉት ግን ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ «ኒያ» ይበቃል። «ኒይያ» እና «ንያ» የሚሉ አጻጻፎችም ይታያሉ፤ አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻ መሄድ ነው። ከግሱ «ነየተ፣ ይነይታል፣ መነየት» ይወጣል። በራስ ሲነገር ት ወደ ች ይለወጣል፦ ነይቼ። ለሌላው ነይተህ፣ ነይተሽ፣ ነይቶ፣ ነይታ። ግሱ አፍ ላይ ካስቸገረ «ኒያ አድርጌ» ማለት ያው ነው።

«ኒያው» የሚለው ሁለት ትርጉም አለው፤ «የእሱ ኒያ»ም «ያ የተባለው ኒያ»ም ይሆናል። በሽምግልና ላይ ይህ እውነተኛ ጠብ ያስነሳል፤ «ኒያው ጥሩ አልነበረም» ሲባል ስለ ሰውየው ነው ወይስ ስለ ስብሰባው? «የልጁ ኒያ»፣ «የዛሬው ኒያ» ብሎ መለየት ነው። ለታላቅ ሰው «ኒያዎ» ይባላል፤ ለሽማግሌ «ኒያህ» ማለት የቱንም ያህል ምርቃት ቢከተለው ድፍረት ነው።

አጠያየቁም ቦታ አለው። ወዳጃ (የዱዓ ጉባኤ) ላይ «ኒያህ ምንድን ነው?» የተለመደ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይጠበቃል። ገበያ ላይ ወይም ደጅ ላይ ሲጠየቅ ግን «ምን ተንኮል ይዘህ መጣህ?» ይሆናል። እዚያ «ምን አስበህ ነው?» ይበሉ።

ወዳጃ ላይ ኒያን መናገር

ወዳጃ ቡናው፣ ጫቱና እጣኑ ቀርቦ ለታመመ፣ ለጠፋ ዝናብ፣ ለምስጋና ወይም ለመንገደኛ በአንድነት ዱዓ የሚደረግበት ጉባኤ ነው። ሼህ ይመሩታል፤ የእናቶች ሲሆን ዱበርቲዎቹ፣ ማለትም ዱዓውን የሚመሩት ሴቶች። ቃሉ ሙሉ ክብሩን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ የሚበላሸውም በብዛት እዚሁ ነው።

ባዶ እጅ አይሂዱ፤ ቡና ወይም ስኳር ቢሆን ይበቃል። ከገቡ በኋላ የተቀመጡትን አቋርጠው ኒያዎን ለመናገር አይቸኩሉ። የሚመሩት ሰው እስኪጠይቁ ወይም ዱዓው ሊከፈት ጸጥ እስኪባል ይጠብቁ። ከዚያ በሦስት ወይም በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው ይናገሩ። ለምሳሌ አንዲት እናት፦

«ሼሁ፣ ኒያዬ ለልጄ ነው። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልለቅ ብሎታል። ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ፣ መድኃኒቱንም ይዟል። አፊያ እንዲሆንልኝ ዱዓ አድርጉልኝ።»

ለማን እንደሆነ መጀመሪያ መጣ፤ ችግሩ በአንድ መስመር ተነገረ፤ ሰው ያደረገው ተጠቀሰ፤ ልመናው መጨረሻ ላይ ሆነ። ሐኪም ቤቱ መጠቀሱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ካልተጠቀሰ ጉባኤው ዱዓውን ትቶ «ሐኪም አሳይተሽዋል?» ወደሚል ጨዋታ ይገባል፤ አባቶችም መጀመሪያ የሚሉት «ውሰጂው» ነው። ዱዓ ከሕክምና ጋር ይሄዳል፣ አይተካውም።

የሚያበላሸው ነገር ከሁሉ በላይ ሰው ስም መጥራት ነው። «ጎረቤቴ ዓይኑ ከብዶብን…» ከተባለ ኒያው ለልጁ መሆኑ ቀርቶ በጎረቤቱ ላይ ይሆናል፤ «አሚን» ያለውም ሁሉ ሳይወድ በክስ ላይ ፈረመ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አምስት ጉዳይ መደርደር፤ የልጁ ትኩሳት፣ የላሟ መምከን፣ የወንድም ሥራ ማጣት አንድ ላይ ከመጣ ሰሚው የቱን እንደሚይዝ ይጠፋዋል። አንዱን ይምረጡና ለቀረው «ያልተናገርኩትንም አላህ ያውቀዋል» ብለው ይዝጉት። የሚያፍሩበት ጉዳይ ከሆነም «በሆዴ ያለ ኒያ አለኝ» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይመረምርም። የኒያ ቦታው ልብ ነውና።

ጎረቤት ክርስቲያን ቢገኝ «አሜን» ይላል፤ ማንም ቅር አይለውም። የራሱንም ጉዳይ ሊያስደርግ ከፈለገ «ኒያዬ ለእንትና ነው» ብሎ በዚያው መንገድ ይናገራል።

ጥፋት ላይ «ኒያዬ ጥሩ ነበር»

የቃሉ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። አንድ ወጣት በወሎ ቃሉ ወረዳ ከመንገዱ ላይ ውሃ ሊያስወግድ ቦይ ከፈተ፤ ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ጎርፉ የጎረቤቱን ማሽላ ጠረገው እንበል። ጠዋት ሄዶ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ኒያዬ ጥሩ ነበር» ብሎ ከጀመረ አለቀለት። ማሽላው መሬት ላይ ተኝቶ እያየ ያለ ሰው የሚሰማው «ጉዳትህን ትተህ ልቤን እይልኝ» የሚል ነው።

እንዲህ ይበል፦ «ጋሼ፣ ማሽላዎን ያስበላሁት እኔ ነኝ። ቦዩን ስከፍት የት እንደሚወርድ አላስተዋልኩም። የጠፋው ይታይና ልካስ። አፉ ይበሉኝ።» እዚህ ውስጥ «ኒያ» የሚል ቃል የለም፤ መኖርም የለበትም። ሽማግሌዎቹ ማሳውን አይተው ሲመለሱ አንዳቸው «የልጁ ኒያ ክፉ አልነበረም» ይላሉ፤ ባለ ማሽላውም ይለዝባል። የራስ ኒያ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ምስክርነት ነው፤ በራስ አፍ ሲነገር ግን ሙግት ይሆናል። ሽማግሌ ባይኖርስ? ካሳው ተስማምቶ፣ አፉ ከተባለ በኋላ ብቻ፣ «ለክፋት እንዳልሆነ ይወቁልኝ» ማለት ይቻላል።

ኒያ ካሳን እንደማያስቀር በከባዱም ጉዳይ ይታያል። ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው በሸሪዓውም ዲያ (የደም ካሳ) አለበት፤ በወሎ ሽምግልናም ጉማ የሚባለው ካሳ ይከፈላል። አበጋር የሚባሉት አስታራቂ አባቶች ደም ሲያደርቁ ሆን ተብሎ መሆን አለመሆኑን ይመረምራሉ፤ ባይሆንም ገዳይ ወገን በነጻ አይሄድም። ኒያ የበደሉን ክብደት ይለውጣል እንጂ የተጎዳውን ሰው ጉዳት አይሽርም።

በሌላው በኩል ደግሞ፣ የሰውን ኒያ በአደባባይ መክሰስ ከስድብ ይከፋል። «ሥራህ ተበላሽቷል» የተባለ ሰው ሥራውን አስተካክሎ ያሳያል። «ኒያህ የከፋ ነው» የተባለ ግን ልቡን አውጥቶ ማሳየት አይችልምና ቂም ይይዛል። ስለሚታየው ነገር ብቻ ይናገሩ፤ የተባለውን፣ የተደረገውን፣ የጎደለውን።

ያማረ ኒያ በድግስ

ክርስቲያን ቤት ሙስሊም ጎረቤት ሲጠራ፣ ሙስሊም ቤት ክርስቲያን ሲጠራ፣ ኒያው ማማሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሥጋው መለየት አለበት። ወሎዬ ይህን ያውቀዋል፤ ከሌላ አገር የመጣ ሙሽራ ወይም ሠራተኛ ግን ይሳሳትበታል። ለተዝካር በ40 ቀኑ በሬ ከታረደ፣ ለሙስሊም ጎረቤቶች አንድ ወይም ሁለት በግ ለብቻ ይገዛል፤ ቁጥሩ እንደ ሰዉ ነው። ማረጃው ቀን ጎረቤት ሙስሊም ሰው ቀድሞ ይጠራና ራሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ያርደዋል። ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ድስቱና ጭልፋው የተለየ መሆን አለበት፤ በጣም የሚረሳው ጭልፋው ነው። ወጥ የምትሠራውም ከሙስሊም ጎረቤቶች አንዷ ብትሆን ጥርጣሬ አይኖርም። መቀመጫውም እንዳይቀላቀል አስቀድሞ ይታያል። ሙስሊም ቤትም ለሠርግ ሲደግስ የክርስቲያኑን በግ ለክርስቲያን ሰጥቶ ማሳረድ በዚያው ልክ ነው። ጾም መሆኑንም አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ በረቡዕና በዓርብ የተጠራ ክርስቲያን ጎረቤት ሽሮ ወይም ምስር ይፈልጋል።

እንግዳው ሲገባ «ለናንተ ለብቻ አዘጋጅተናል፣ ያረደውም እገሌ ነው» ብሎ በግልጽ መንገር ነው። ይህን ሳይናገሩ «ብሉ ብሉ፣ ኒያችን ንጹህ ነው» ማለት እንግዳውን በመብላትና በማስቀየም መሀል ያስጨንቀዋል።

የማይገባበት ቦታ

ውል፣ ማመልከቻና የፍርድ ቤት ጽሑፍ ላይ «ኒያ» አይጻፍ። እዚያ የሚሠራው ቃል «ቅን ልቡና» ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1732 ውሎች በቅን ልቡና፣ በተዋዋዮቹ መሀል ሊኖር የሚገባውን መተማመንና የሥራውን ልማድ ይዘው እንዲተረጎሙ ያዛል። ቁጥር 1161 ደግሞ የሚንቀሳቀስ ዕቃን በቅን ልቡና፣ ዋጋ ከፍሎ ስለተረከበ ሰው ይናገራል። ሕጉ «ቅን ልቡና» ሲል በስሜት የጠራ ልብ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው የሚያውቀውን ነገር ያልደበቀ፣ ማወቅ የነበረበትንም ዓይቶ እንዳላየ ያላለፈ መሆኑ ይመዘናል። ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ያለ ደረሰኝ በግማሽ ዋጋ ስልክ የገዛ ሰው «ኒያዬ ጥሩ ነበር» ቢል ዳኛው የሚጠይቁት «ለምን ረከሰ ብለህ ጠየቅህ ወይ?» ብለው ነው።

በስልክ መልእክት ሲሆን ደግሞ ድምፅና ፊት ስለሌለ ቃሉ ቶሎ ይጠማል። «ኒያህን አውቀዋለሁ» የሚል አጭር መልእክት ምስጋናም ዛቻም ይሆናል። «ኒያህ እንዳማረ አውቃለሁ፣ ኸይር ያድርገው» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ነው፤ ለታላቅ ከሆነም «ኒያዎ እንዳማረ አውቃለሁ»።